ዝገቱን አውቅ ነበር

የሠራሁት የልብስ መቆንጠጫ እንደሚዝግ ለገበያ ከማውጣቴ በፊት አውቅ ነበር። ነገሩን ለሰው ሳወራ ብዙ ጊዜ ሌላ መልክ ሰጥቼዋለሁ፤ «ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ» ብያለሁ፤ «የዛሬ ሽቦ እንደ ድሮው አይደለም» ብያለሁ። ሁለቱም ሐሰት ነው። ገበያ ወርጄ ሽቦውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሞክሬው፣ ውጤቱን በዓይኔ አይቼ ነው የሸጥኩት። በእኔ ዕቃ የሰው ልብስ ተበላሽቷል፤ ልብስ አጥበው የሚያድሩ አንዲት እናት ደግሞ እንጀራቸውን አጥተዋል። ይህን የምጽፈው ሸክሙ እንዲቀልልኝ ብዬ አይደለም። ዕቃው እስከ ዛሬ በሰው ገመድ ላይ ስላለ ነው።

ሙያዬ ብረታ ብረት ነው። በርና መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ እሠራለሁ። መቆንጠጫው ግን ከሁሉም የምወደው ሥራዬ ነበር። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጣ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። የፕላስቲኩ መቆንጠጫ ከአዲስ አበባ ፀሐይ ጋር አይስማማም፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ አንድ ቀን ጫን ስትለው ቀጭ ብሎ እጅህ ላይ ይቀራል። የእንጨቱ ደግሞ ሞላው ይወልቅና ሁለቱ እንጨቶች ለየብቻ ይወድቃሉ። ነፋስ በተነሣ ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣው ሸሚዝ ታች መኪና ማቆሚያው ላይ ይገኛል።

የእንጨቱ መቆንጠጫ ዕድሜው ረጅም ነው። በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት የስፕሪንግፊልድ ሰው የነበረው ዴቪድ ስሚዝ ሁለት እንጨት በሞላ አያይዞ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው። በ1887 የዚያው ግዛት ሰው ሶሎን ሙር ሞላውን ከአንድ ሽቦ ጠምዝዞ አሻሻለው፤ ዛሬ ሱቅ የምናገኘው በመሠረቱ የእሱ ሥራ ነው። እኔ ሁለቱን እንጨቶች አውጥቼ ሽቦውን ብቻ ማስቀረት ፈለግኩ። መገጣጠሚያ የሌለው ዕቃ የሚወልቅ ነገር የለውም። ይህ ሐሳቤ ዛሬም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያጠፋሁት እዚህ ላይ አይደለም።

አርአያ ያደረግኩት የቢሮውን አግራፍ ነው። ስለ እሱ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሁላችንም የምናውቀው፣ ሽቦው በራሱ ውስጥ የሚጠቀለልበት «ጄም» የተባለው ቅርጽ በማንም ስም የፈጠራ መብት አልተመዘገበም። ዊልያም ሚድልብሩክ የተባለው የኮኔቲከት ሰው እ.ኤ.አ. በ1899 ያስመዘገበው አግራፍ የሚያጥፈውን ማሽን ነው፤ አግራፉ በሥዕሉ ላይ የገባው የማሽኑን ሥራ ለማሳየት ነው። ኖርዌያዊው ዮሐን ቮለር በ1901 በአሜሪካ ያስመዘገበው አግራፍ ደግሞ የመጨረሻዋ የውስጥ ጥቅል የለችውም፤ ስለዚህ ወረቀት ለማስገባት ያስቸግራል። ሆኖም ኖርዌያውያን በጀርመን ወረራ ዘመን አግራፍን የአንድነት ምልክት አድርገው ኮታቸው ላይ ይሰኩ ስለነበር የቮለር ስም ከፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ኦስሎ አጠገብ ባለችው ሳንድቪካ ግዙፍ የአግራፍ ሐውልት ቆመለት። የሐውልቱ ቅርጽ ግን የጄም ነው እንጂ የቮለር አይደለም።

ይህን ታሪክ አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች ደጋግሜ አጫውታቸው ነበር። ከታሪኩ የያዝኩት ስለ ቅርጽ የሚናገረውን ብቻ ነው። አንዲት ጥቅል ስትጨመር ወይም ስትቀነስ የሰው ስም ይነሣል፣ ይወድቃል፤ የእኔም ጥቅል ከተስተካከለች ሌላው ዕዳው ገብስ ነው አልኩ። ሽቦው ከምን እንደተሠራ፣ በምን እንደተለበጠ ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ አንድም ቦታ አልፈለግኩም።

መቆንጠጫዬ እንዲህ ነው የሚሠራው። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ርዝመቱ ከስንዝር ትንሽ ያለፈ ሽቦ ይቆረጣል። መሐሉ አንድ ዙር ተኩል ይጠቀለላል፤ ራሱም ሞላውም ይኸው ጥቅል ነው። ከዚያ ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ይወርዱና አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ጎበጥ ብለው ይነካካሉ። ልብሱና ገመዱ የሚቆነጠጡት እዚያ ነው። ከዚያ በታች እግሮቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ልብሱ ላይ ሲገፋ መንገድ እንዲሰጡ። የመጨረሻዋ ጫፍ ደግሞ ክር እንዳትስብ ወደ ኋላ ትታጠፋለች።

በዚያች ጫፍ ላይ እጅግ ተጠብቤባታለሁ። የተቆረጠ ሽቦ ጫፉ ላይ ዓይን የማያየው ስለት ይቀርበታል። ሸማኔ በእጁ የሠራው ነጠላ ደግሞ ክሩ ስስ ነው፤ ትንሽ ነገር ከነካው ይሳባል፤ አንዴ ከተሳበ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ስለዚህ እያንዳንዷን ጫፍ በሞረድ አለሰለስኳት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸኋት፣ የእጄ ቆዳ ሻካራ ስለሆነ ከንፈሬ ላይ አስኬጄ አረጋገጥኩ። ስለ ልብሱ እንዲህ እያሰብኩ ሳለሁ ነው ልብሱን የሚያጠፋውን ነገር በራሴ እጅ የሠራሁት።

ለሞላ የሚሆነው ጠንካራ ሽቦ በእጅ ለሚሠራ ሰው ያስቸግራል። ስታጥፈው ትንሽ መልሶ ይዘረጋል፤ እዚህ ጋ እንዲቆም ከፈለግህ ከዚያ አሳልፈህ ማጠፍ አለብህ፤ ማጠፊያውም ያ ታስቦ መሠራት አለበት። የእኔ ማጠፊያ ወፍራም ላሜራ ላይ የተበየዱ የብረት ካስማዎች ብቻ ነበር። የማይዝገው ስቴንለስ ሞላ ሽቦ አልጠፋም፤ ውድ ነበር። እኔ የወሰድኩት ዚንክ የተለበጠውን፣ ለአጥር የሚሆነውን ሽቦ ነው። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይታጠፋል፣ አዲስ ሳለ ያብለጨልጫል።

ለስላሳ ሽቦ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ማንኛውም ሽቦ እስከ አንድ ድንበር ድረስ ብትከፍተው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው የሞላ ሕግ የሚሠራው ከዚያ ድንበር ወዲህ ነው። ከድንበሩ ያለፈ እንደተከፈተ ይቀራል። የለስላሳ ሽቦ ድንበሩ ቅርብ ነው። በቀጭኑ ስሞክር አያያዙ ላላብኝ። አወፈርኩት፤ ውፍረት እጥፍ ሲሆን ሽቦው ለመታጠፍ 16 እጥፍ ይጠነክራል፣ ስለዚህ ጥቂት ማወፈር ብዙ ለውጥ ያመጣል። ያዘልኝ። ነገር ግን ሽቦ በወፈረ ቁጥር እኩል ሲከፈት ድንበሩን ቀድሞ ያልፋል። ሸሚዝ ላይ ደህና ነበር፤ አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ላይ ስሰካው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። መፍትሔ ብዬ ያገኘሁት ነገር ሁሉም ካለቀ በኋላ የእያንዳንዱን አፍ በፒንሳ ጭምቅ አድርጎ ማጥበብ ነው።

ፒንሳ ጥርስ አለው። ያጠበብኩትን መቆንጠጫ ብርሃን ላይ አዙሮ ለተመለከተው ሰው ልብስ በሚይዘው ቦታ ላይ፣ ጎን ለጎን የተሰለፉ ጥቃቅን ጭረቶች ይታያሉ። እያንዳንዱ ጭረት ዚንኩ የተነሣበት ቦታ ነው። ጠበብ ብሎ የታጠፈው ጥቅል ላይም ልባጩ ይሰነጠቃል። በሞረድ ያለሰለስኳት ጫፍማ ዚንኳን እኔው ራሴ ፍቄ ጨርሼላታለሁ። ዚንክ ብረትን የሚጠብቀው ራሱ ቀድሞ በመበላት ነው፤ ትንሽ ጭረት ቢኖር እንኳ በዙሪያው ያለው ዚንክ ለጊዜው ይከላከልለታል። የርካሽ ሽቦ ልባጭ ግን ስስ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። በረኪና ያልለቀቀው እርጥብ ልብስ ሲነካው ደግሞ ይብስበታል።

ከመሸጤ በፊት ነጭ አቡጀዲ ቀድጄ፣ ውሃ ነክሬ፣ የተወሰኑ መቆንጠጫዎች ሰክቼበት ሱቁ ውስጥ አንጠለጠልኩ። ሲደርቅ መልሼ አረጠብኩት። መጀመሪያ ያየው አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለቀቀ እኮ።»

ሄጄ አየሁት። በፒንሳው ጭረት ውስጥ የበርበሬ ብናኝ የመሰለ ነገር ወጥቷል፤ አቡጀዲው ላይም ትይዩ የሆኑ ሁለት ቡናማ ነጥቦች አርፈዋል። ነቀልኩና «ማን ነው ልብስ እያረጠበ የሚያሰጣ? ጠዋት ተሰጥቶ ማታ ይነሣል» አልኩት። አቡጀዲውን ጠቅልዬ ቆሻሻው ውስጥ ጣልኩት። ልጁ ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው። እሱ ዝም ማለቱን ያኔ እንደ መስማማት ቆጠርኩት፤ ያስተማርኩት ግን ያየውን እንዳይናገር ነው።

ወሩ ነሐሴ ነበር። ለእንቁጣጣሽ የታዘዘ ዕቃ ነበረብኝ፤ የሽቦውንም ገንዘብ ከፍዬ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ለማመካኘት አይደለም፤ ወሩ ራሱ ፈራጄ ስለሆነ ነው። በነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ጠዋት የተሰጣ ልብስ ማታ አይደርቅም። ዝናቡ ይመጣል፣ ይገባል፣ ተመልሶ ይሰጣል፤ አንዳንዴም ጣራ ሥር እንደረጠበ ሁለት ቀን ይቆያል። መቆንጠጫውን ማታ ማታ ከገመዱ የሚሰበስብ ሰው የለም፤ ክረምቱን በሙሉ እዚያው ይዘንብበታል። ለልጁ የመለስኩለትን መልስ ስመልስለት ውጭ ዝናብ እየዘነበ ነበር።

ሌላም የማውቀው ነገር ነበር፤ እሱ ከሁሉ ይከብደኛል። ብረት ከመጀመሬ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል አመላላሽ ነበርኩ። አሮጌ ፋይል ሲከፈት አግራፉ ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ስትነቅለው የወረቀቱ ቆዳ አብሮ ይነሣል፤ ከሥሩ የአግራፉ ሙሉ ቅርጽ፣ ከነጥቅሎቹ፣ በቡናማ ታትሞ ይታያል። የኋለኛውን ገጽ ብትገልጥ እዚያም አለ፤ ሦስተኛው ላይ ደብዘዝ ብሎ። ቤተ መዛግብት አሮጌ ሰነድ ሲረከቡ የብረት አግራፍ የሚነቅሉት ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ አዛውንት የቤት ሰነድ ላይ ዝገቱ የአባታቸውን ስም በልቶት አገኘን። አዛውንቱ ስማቸውን የሚያረጋግጥ ሌላ ማስረጃ እንዲያመጡ ተነገራቸው። ሲወጡ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነበርኩ። ዋጋው ከሳንቲም የማያልፍ ቁራጭ ሽቦ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ያየ ሰው ሱቁ ውስጥ አልነበረም።

መቆንጠጫ ራሱ ብዙ ብር አያወጣም። ስሠራው በሐሳቤ የነበረው ዋጋው ነው፤ ቢበላሽ ሰው ጥቂት ብር ከሰረ ብዬ አሰብኩ። የሚይዘው ነገር ግን የእኔ አልነበረም፤ የሚያሰጣው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ የልብሱ ባለቤት አይደለም።

በሱቃችን አካባቢ በየቤቱ እየዞሩ ልብስ የሚያጥቡ አንዲት እናት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን መቆንጠጫዎች «ይሞክሩልኝ» ብዬ በነፃ የሰጠኋቸው ለእሳቸው ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሰው መጡ። «ነፋስ አይፈታውም፤ ተባረክ» አሉኝና በገንዘባቸው ጨምረው ገዙ። የሚያጥቡበት ቤት ሁሉ መቆንጠጫ ስለሚያጥራቸው በፌስታል ይዘው ይዞሩ ጀመር። እኔም ለሌላ ገዢ ስናገር የእሳቸውን ምርቃት እጠቅስ ነበር።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ሰው የሐበሻ ልብሱን ከሳጥን ያወጣል። አንድ ቀን ጠዋት ሱቁ ሳይሞላ መጡ። ከፌስታሉ ውስጥ የታጠፈ ነጠላ አወጡና በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ይቺን እያት። ምን ነካት?»

ጠርዙ ላይ ሁለት ቡናማ ነጥቦች ነበሩ፤ ወረድ ብሎ ሌላ ሁለት። በመካከላቸው ያለው ርቀት የእኔ መቆንጠጫ አፍ ስፋት ነው። ለማወቅ መለካት አላስፈለገኝም፤ አቡጀዲው ላይ ያየሁት ራሱ ነው። ልጁ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«የሚያሰጡበት ገመድ ሽቦ ነው አይደል፣ እማማ?» አልኳቸው።

«አዎ፣ ሽቦ ነው።»

«የገመዱ ዝገት ነው እንግዲህ። በረኪና ያስለቅቀዋል።»

መርቀውኝ ሄዱ።

ይህ መልስ የተናገርኩት ውሸት ብቻ አልነበረም፤ ልብሱን ጨርሶ የገደለውም እሱ ነው። የብረት ዝገት በበረኪና አይለቅም፤ በረኪና ነጥቡን ይብስ ያጸናዋል፣ ያሰፋዋል። ዝገትን የሚያሟሟው አሲድ ነው። ሎሚ ቢነገራቸው ነጠላው ይተርፍ ነበር፤ ብረት ሥራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይህን ያውቃል። እሳቸው ያልኳቸውን አደረጉ። ነጥቦቹ ወደ ቢጫነት ተለውጠው ሰፉ፤ የጥለቱ ቀለምም ነጣ። የነጠላው ዋጋ ከክፍያቸው እየተቀነሰ እንዲያልቅ የቤቱ እመቤት ወሰኑ።

እናቲቱ ቃሌን አምነው ሌላም ነገር አደረጉ። የሽቦውን ገመድ ቆርጠው ጣሉና በገንዘባቸው የናይለን ገመድ ገዝተው አሰሩ። የእኔን መቆንጠጫ ግን አላስወገዱም፤ እሱን የሚጠረጥሩበት ምክንያት አልሰጠኋቸውም። አዲሱ ገመድ ላይ፣ ለመስቀል የታጠበ የሌላ ቤት ቀሚስ፣ ትከሻው ላይ እንደገና ሁለት ሁለት ነጥብ አወጣ። ያኛው ቤት አሰናበታቸው። ሁለቱ ቤቶች አንድ ደረጃ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሴትየዋ ልብስ ያበላሻሉ የሚል ወሬ በፎቁ ሁሉ ወጣ።

ይህን የነገረኝ ልጁ ነው። ሰምቶ መጣና ሥራውን እየሠራ፣ ቀና ሳይል «ገመዱንኮ ቀይረው ነበር፣ ጋሼ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ያኔ ተነሥቼ ወደ እሳቸው ሄጄ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ከዚህ ያጥር ነበር። አልሄድኩም። በምትኩ ያደረግኩት ሽቦውን መቀየር ነው። ስቴንለስ ሞላ ሽቦ ገዛሁ፤ ማጠፊያውን ሽቦው የሚመለስበትን አስልቼ እንደገና ሠራሁት። ስቴንለስ፣ ሃሪ ብሬርሊ ሼፊልድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1913 ካቀለጠው ወዲህ ብዙ ዓይነት ወጥቶለታል፤ እኔ የምሠራበት 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል ያለው ነው። ክሮሚየሙ በብረቱ ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሲጫር ከአየሩ ኦክስጅን ወስዶ ራሱን ይደፍናል። ድንበሩም ሩቅ ስለሆነ ጋቢ ከፍቶት ይመለሳል፤ አፉን በፒንሳ ማጥበብ ቀረ። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ተራ ብረት የቆረጠ ፒንሳ ከነካው የብረቱ ብናኝ ይቀርበትና እላዩ ላይ ይዝጋል፤ ለእሱ ብቻ የተለየ መሣሪያ ይዣለሁ። ጥሩ ዕቃ ሆነ። «የተሻሻለ» ብዬ ሸጥኩት። አሮጌው ግን በየሱቁ መደርደሪያ ላይ እንደነበረ ነበር፤ ባለሱቆቹ ይሸጡታል፣ እኔ ዝም እላለሁ። ጥፋቴን ማረሜን ሳውቅ ጥፋቱ ራሱ ያበቃ ይመስለኝ ነበር። ከዋሸሁት ውሸት ይልቅ ይህ የዝምታ ጊዜ ነው አሁን ድረስ የሚቆጨኝ፤ ውሸቱ በድንጋጤ ከአፌ የወጣ ነው፣ ዝምታውን ግን በየቀኑ አውቄ መርጬዋለሁ።

ልጁ አዲሱን ሥራ በደንብ ተማረ። ሲያስረክበኝ ግን እንደ ድሮው «እስቲ ይዩት» አይለኝም፤ አስቀምጦልኝ ይሄዳል። ያ ነው በመጨረሻ ያንቀሳቀሰኝ።

እናቲቱን ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። በሩ ላይ ሳፋ ደፍተው ተቀምጠው ነበር። የመጣሁበትን ነገር ሳላዞር ነገርኳቸው፤ ገመዱ እንዳልሆነ፣ መቆንጠጫው እንደሆነ፣ ያን ቀንም አውቅ እንደነበር። በረኪናውንም ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ «እኔኮ ገመዱን ቆርጬ ጣልኩት» አሉ። ቀጥለው ደግሞ በእርጋታ እንዲህ አሉኝ፦

«ገንዘቡን ተወው አልልህም፤ ያስፈልገኛል። ግን መጀመሪያ ሂድና ለነሱ ንገርልኝ። እጄ እንዳላበላሸው ንገርልኝ።»

ይቅር በሉኝ ብዬ ነበር የሄድኩት። የጠየቁኝ ሌላ ነገር ስለሆነ ያንን አስቀድሜ መፈጸም ነበረብኝ።

ሁለቱንም ቤት ሄድኩ። ነጠላው የተበላሸባቸው እመቤት አስገብተው አዳመጡኝ። «መቆንጠጫው ነው ብለው አልነገሩኝምኮ» አሉ። እሳቸውም እንዳያውቁ ያደረግኩት እኔ እንደሆንኩ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ የተናደዱት በእኔ ላይ ነው፣ በከፊል ግን በራሳቸው ላይም ይመስለኛል። የነጠላውን ዋጋ ከፈልኩ፤ እሳቸውም ከእናቲቱ የቀነሱትን መለሱ። ሁለተኛው ቤት በሩን የከፈቱት አባወራ ገና ሳልጨርስ «እኛ ሌላ ሰው ይዘናል» አሉኝ። የቀሚሱን ዋጋ አልቀበልም አሉ፤ እንደምንም ለምኜ ተቀበሉ። የእናቲቱን ስም ግን በገንዘቡ ላይ ጨምሬ ልመልስላቸው አልቻልኩም። በዚያ ደረጃ ላይ ወሬውን የሰሙ ሌሎች ቤቶች አሉ፤ ስንቶቹ እውነቱን እንደሰሙ እንጃ። በአንዳንዶቹ በር ላይ ቆሜ ተናግሬአለሁ፤ ባለቤት ያላገኘሁበትም አለ።

ከእናቲቱ ጋር ዛሬም መንገድ ላይ እንገናኛለን። ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ «እግዜር ይመስገን» ይላሉ፣ ያልፋሉ። በፕላስቲክ መቆንጠጫ ነው የሚሠሩት። አዲሱን ልስጥዎ አላልኳቸውም።

ለልጁ አቡጀዲውን ባየ ቀን ትክክል እንደነበረ፣ እኔ እንዳፈንኩት፣ ሌሎቹ ልጆች በተሰበሰቡበት ነግሬዋለሁ። አሁን ማንኛውም አዲስ ሽቦ ሲመጣ እርጥብ አቡጀዲ ላይ የሚሰካው እሱ ነው፤ እሱ ይሁን ሳይል አይታጠፍም።

ከየሱቁ ያልተሸጠውን ሰብስቤአለሁ። የተሸጠው ግን ማን እጅ እንዳለ ማወቂያ የለኝም፤ ስለዚህ ምልክቱን እዚህ እጽፈዋለሁ። ራሱ ላይ አንድ ዙር ተኩል የተጠቀለለ፣ እንጨትም ፕላስቲክም የሌለው፣ ከአንድ ሽቦ ብቻ የተሠራ መቆንጠጫ ገመዳችሁ ላይ ካለ አፉን ከፍታችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ጎን ለጎን የተሰለፉ የፒንሳ ጭረቶች ካሉበት አሮጌው ነው። ገና ባይዝግም አታቆዩት፤ ወረቀት ለመያዝም አትጠቀሙበት። ልብስ ላይ ነጥብ ካወጣ በረኪና አታስነኩት። ነጥቡ ላይ ሎሚ ጨምቁበት፣ ጨው ነስንሱበት፣ ትንሽ አቆይታችሁ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፤ ካልለቀቀ ድገሙት። ጥለቱ ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩ፣ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል። መቆንጠጫውን ለገዛችሁበት ሱቅ መልሱ፤ የሚመልሱላችሁን ገንዘብ ለባለሱቆቹ ሰጥቻቸዋለሁ። ልብስ የተበላሸበት ሰው ልብሱን ይዞ ይምጣ። በዚያ ልብስ ምክንያት ከአጣቢዋ ክፍያ የተቆረጠ ካለ እሱንም እከፍላለሁ፤ እሳቸው ባሉበት።